ለጊዜው የታሰረች ሽቦ

በትምህርት ቤቱ ውስጥ የመዝገብ ስሙን የምታውቀው ጸሐፊዋ ብቻ ነበረች። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሽ ለጊዜው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ በተቀጠረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ ኩሬ ሲሆን፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ በቆረጠው ጥብጣብ ጠቀለለውና በሽቦ ጠፈረው። ከዚያም ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ለቆሙት መምህራን «ለጊዜው ይይዛል» አላቸው። ያ ቧንቧ ዛሬም እንደታሰረ ነው። ጠብ ብሎ አያውቅም።

የሚሠራባት ክፍል ከዋናው ሕንጻ ደረጃ ሥር ያለች ናት። ሲገባ ጎንበስ፣ ሲወጣ ጎንበስ ይላል፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ ግንባሩን ገጭቶ አያውቅም፣ ሳይገጭ የወጣ እንግዳ ግን የለም። ቧንቧዎቹ በውፍረታቸው ተራ በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። በቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ቀጭን ነጭ ቴፍሎን በአሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል። ከጣሳው አጠገብ ትንሽ የቀይ ቀለም ቆርቆሮና ግማሽ ጸጉሩ ያለቀ ብሩሽ አለ። በግቢው በሚያልፈው ቧንቧ ሁሉ ላይ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ቀይ ቀስት የሣለው በዚህ ብሩሽ ነው።

«ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቅ ከጠገንክ፣» ይል ነበር፣ «እየጠገንክ ሳይሆን እየገመትክ ነው።»

ቤቱም በዚያው እጅ የቆመ ነው። የወጥ ቤቱ በር የላይኛው ማጠፊያ በሽቦ የታሰረው ልጃቸው ጥርስ ስታበቅል ነበር፤ ልጅቱ አሁን የራሷ ትዳርና የራሷ የወጥ ቤት በር አላት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌቷ ቀጥ ያለ፣ ክሯ የማይተረተር። ልብስ ሊለካ የመጣ ሰው በሩን በግርምት ባየ ቁጥር መርፌውን ከአፏ አውጥታ፣ «ምን ላድርግ ብለህ ነው? እኔንም ያገባኝ ለጊዜው ነበር፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመታችን» ትላለች። እሱም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቃል።

ከግቢው መካከል አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። አንደኛ ክፍሎች ዝናብ በሌለበት ቀን ከሥሩ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ያነባሉ። ለእነሱ ብሎ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ጋሽ ለጊዜው እስከ ዛፉ ድረስ ቧንቧ ዘረጋ፤ ልጆቹ ከጥላው ሳይወጡ ውኃ እንዲጠጡ። ቧንቧው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የብረት ምሰሶ ጠየቀ። ምሰሶው እስኪመጣ ቧንቧውን ከግንዱ ጋር አስጠግቶ፣ በማይዝግ ሽቦ ሦስት ዙር አሰረው። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወለት፤ የሽቦውን ጫፍ ደግሞ፣ እንደ ልማዱ፣ የልጆቹን እጅ እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ አጠፈው።

«ለጊዜው ነው፣» አለ። «ምሰሶው ሲመጣ እፈታዋለሁ።»

ምሰሶው አልመጣም። ግንዱ ግን በየዓመቱ ይወፍር ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ቀጠረ። ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ መቀሷ ከሽርጧ በገመድ ተንጠልጥሎ በእርምጃዋ ቁጥር ጉልበቷን ይመታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሁለቱ ጠብ በውኃ ላይ ነው። እሷ የአበባው መስመር ሲከፈት ደስ ይላታል፤ እሱ ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ሲጎድል ሮጦ ይዘጋዋል። ወደ ታንከሩ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበላሻል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የአትክልተኛዋ ነው ብሎ ያምናል።

«አበባሽ ከሰው ይበልጣል?» ይላታል።

«ከአንዳንድ ሰው» ትለዋለች።

ትልቁ ክርክራቸው ግን በማንጎው ላይ ነበር። ዛፉ በተከታታይ ሁለት ዓመት ከዚያ በፊት ያልታየ ፍሬ አፈራ። ቅርንጫፎቹ በዱላ ተደገፉ። ፍሬው ማር ነበር፤ ልጆቹ እስከ ክርናቸው ተጨማለቁ፣ መምህራኑ በከረጢት ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ጋሽ ለጊዜው ለእያንዳንዱ ሰው ምክንያቱን ይነግር ነበር፤ ቧንቧዋ አንዳንዴ ታንጠባጥባለች፣ ጠብታዋ ሥሩን ታጠጣለች፣ ሥሩ ይጠግባል።

«እኔ ጡት ያጠባሁት ዛፍ ነው!»

«እኔ የማዳበሪያ ቅርጫት ስሸከም አላየህም መቼም» ትላለች አትክልተኛዋ።

«ቅርጫትሽ ባይኖርም ያፈራ ነበር፤ ቧንቧዬ ባትኖር ግን አበቃ።»

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ማንም ሳይጠይቀው እንዲህ ማለት ጀምሮ ነበር፦ «ከእኔ በኋላ ቧንቧው ሁሉ ይቀየራል። ዛፉ ግን ይቀራል።» ሲናገር ቀለል አድርጎ ነው፤ ግን ደጋግሞ ይናገረዋል።

በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ፣ ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ያለው አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ በሙሉ። አትክልተኛዋ ተባይ ነው ብላ ቅጠሉን እየገለባበጠች አየች፤ ተባይ የለም። ተጠምቶ ነው ብላ አጠጣች፤ ጋሽ ለጊዜው ያለ ክርክር ቧንቧውን ከፈተላት፣ ይህም በራሱ አስደነገጣት። ለውጥ የለም። አንድ ጠዋት፣ ልጆቹ ገና ሰልፍ ላይ ሳሉ፣ የደረቀው ቅርንጫፍ ባዶው አግዳሚ ላይ ወደቀ።

ዳይሬክተሯ ከጋሽ ለጊዜው በዕድሜ ብዙ የምታንስ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የተሰበረውን አግዳሚ ለትንሽ ጊዜ አየችና ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ ዛፍ ቆራጭ ይመጣል። ከዚያ በፊት የእርስዎን ቧንቧ ከግንዱ ላይ ያላቅቁልኝ።»

«ሙሉውን ነው የሚቆረጠው?»

«ዛሬ ባዶ አግዳሚ ነው። ነገ ባዶ ላይሆን ይችላል።»

ፒንሳውን ይዞ ወደ ዛፉ ሄደ።

ሽቦውን ፈለገው፤ የለም። ቧንቧው ከግንዱ ጋር እንደተጣበቀ ነው፣ ነገር ግን ያጣበቀው ነገር አይታይም። በቅርበት ሲያይ ግንዱን ዙሪያውን የሚከብ ጠባብ ስንጥቅ አገኘ፤ ሽቦው ቅርፊቱን በልቶ ከውስጥ ተቀብሯል። ከስንጥቁ በላይ ያለው ግንድ እንደ ተነፋ ጉንጭ አብጦ፣ ከስንጥቁ በታች ያለው ቀጥኖ ቀርቷል። በመዳፉ ላዩን ዳበሰው፤ ታቹን ዳበሰው፤ እንደገና ላዩን ዳበሰው።

ሃያ ስድስት ዓመት ቧንቧ ሲያይ የኖረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። መንገድ ሲዘጋ የሚጨነቀውና የሚያብጠው ፈሳሹ የሚመጣበት ወገን ነው። ዛፍ ደግሞ የሚጠጣው ከታች ነው። ስለዚህ ማበጥ የነበረበት የታችኛው ነበር። ይኼኛው ግን ያበጠው ከላይ ነው።

«አንቺ!» ብሎ ተጣራ። «ነይማ እስቲ።»

«ምነው፣ ዛፉ ጠብ አለብህ?» አለች አትክልተኛዋ ከአበባው መስመር ሳትነሣ።

«ቀልዱን ተይና ነይ። ውኃ ከሥር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ከላይ አበጠ? ከላይ የሚመጣ ነገር አለ እንዴ?»

ተነሥታ መጣች። ስንጥቁን ስታይ ተንበረከከች፤ መቀሷ መሬቱን መታ። ስንጥቁን በጣቷ ዙሪያውን ተከተለችው። ከዚያ ከአጠገቧ አንድ ለጋ ቅርንጫፍ ቀጠፈችና ቆዳውን በጥፍሯ ገፈፈችው።

«እይ። ይኼ መካከሉ ያለው እንጨቱ ነው። ውኃው ከአፈሩ ያሟሟውን ጨውና ማዕድን ይዞ በዚህ ወደ ላይ ይወጣል። እስከዚህ ያንተን አውቀሃል። ቅጠሉ ደግሞ ውኃውን ተቀብሎ በፀሐይ ስኳር ያበስላል። ያ ስኳር ለፍሬው፣ ለቀንበጡ፣ ለሥሩ የሚታደለው በእንጨቱ አይደለም፤ በዚህ ነው።» የገፈፈችውን እርጥብ ልጥ በጣቷ አንጠለጠለች። «በዚህ ቀጭን ነገር። ሽቦው የቆረጠው ይህንን ነው።»

«ሥር ስኳር ምን ያደርግለታል?»

«ላንተ ቁርስ ምን ያደርግልሃል? ከመሬት በታች ፀሐይ የለ። ላይ ያሉት አብስለው ካልላኩለት ሥሩ ጦሙን ያድራል። ውኃው በእንጨቱ መውጣቱን ስላላቆመ ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ቆየ፤ ሥሩ ያጠራቀመውን እየበላ ነበር። አሁን አለቀበት። ሥሩ ሲደክም ደግሞ ውኃውም አይወጣም።»

«እና ያ ሁሉ ፍሬ...»

«ያ ሁሉ ፍሬ፣» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «የሥሩ ቀለብ ነበር። መውረጃ ሲያጣ ማንጎው ውስጥ ገባ። ማር ማር ያለው ለዚህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እያጨበጨብን የበላነው የሥሩን ምሳ ነው።»

ፒንሳውን ወደ ስንጥቁ ሰደደ። ሽቦው እየተቆራረጠ ወጣ፤ መጨረሻ ላይ የተጠመዘዘው ቋጠሮ መጣ።

«ይህንን ያሰረ ሰው እጁ ይቆ...» ብላ ጀመረች አትክልተኛዋ። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር። በግቢው ውስጥ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽቦ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ እንዳለ እሷም ታውቃለች። የጀመረችውን ዋጥ አድርጋ፣ «...ይባረክ ልበል እንግዲህ?» አለች።

እሱ አልሳቀም። አጎንብሶ ሽቦውን በመዳፉ ላይ ያገላብጥ ነበር።

«ይድናል?» አለ።

«መንገዱ ከተቀጠለ። ከራሱ ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ አንዱን ጫፍ ከቁስሉ በላይ፣ አንዱን ከቁስሉ በታች ልጡ ሥር እንሰካለን። ከያዘ ስኳሩ በእሱ ይሻገራል። ድልድይ ነው። በወጣትነቴ በሎሚ ላይ ሠርቼ አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ትልቅ ዛፍ ላይ ግን አላየሁም።»

«መቼ?»

«አሁን። ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ የሚላቀቅበት ወቅት ነው። ግን ከነገ ወዲያ መጋዝ ይመጣል።»

ሽቦውን በኪሱ ከትቶ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሄደ። ሲገባ ጎንበስ አለ፤ የቢሮው በር ረጅም ነው፣ ልማድ ሆኖበት ነው። ሽቦውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ዛፉን የገደለው ነው። እኔ ነኝ ያሰርኩት።» ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ነገራት፤ ምሰሶውን፣ የሁለት ጣቱን ክፍተት፣ ልጡን፣ የሥሩን ምሳ። «ተባይም እርጅናም አይደለም። በእኔ እጅ ታንቆ ነው። ስለዚህ ልጠግነው ይፈቀድልኝ።»

ዳይሬክተሯ ሽቦውን በእርሳሷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«ጡረታዎ መቼ ነው?»

«ትምህርት ሲዘጋ። ማንጎው በሚደርስበት ሰሞን።»

«እንግዲያው ማንጎው እስኪደርስ። የደረቀው ቅርንጫፍ ሁሉ ይወርዳል፣ ዙሪያው በገመድ ይከለላል፣ አንደኛ ክፍሎች አዳራሽ ይገባሉ። ፍሬው በሚለቀምበት ቀን ቆራጩን እጠራዋለሁ። ያን ቀን ዛፉ መዳኑን ካሳያችሁኝ ይመለሳል፤ ካላሳያችሁኝ ሥራውን ይጀምራል።» እርሳሷን አስቀመጠች። «ለጊዜው ይቆይ።»

ቃሏን ከተናገረችው በኋላ ነው የሰማችው። ሁለቱም ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። አትክልተኛዋ የሞተውን ቅርፊት ዙሪያውን አጸዳችው፤ ራቁቱን የቀረው ቀለበት አንድ ጋት ስፋት ነበረው። ከዚያ ከዛፉ ላይ ቀጥ ብለው ያደጉ፣ እርሳስ የሚያካክሉ ሰባት ቀንበጦች መርጣ፣ እያንዳንዳቸውን አንድ ስንዝር ከግማሽ ቆርጣ፣ ቅጠላቸውን አራግፋ ባልዲ ውስጥ አቆመቻቸው። የቀንበጡን ሁለት ጫፍ እንደ ብዕር አሹላ፣ ልጡን በቢላ ሰንጥቃ ከሥሩ ሰካችው፤ ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ እንዳይነቀል መካከሉን ትንሽ ደገን አደረገችው፤ በቀጭን ሚስማር ያዘችው። እሱ መገጣጠሚያውን በቴፍሎን ጠቀለለ፣ ላዩን የቀለጠ ሰም ቀባ።

አራቱ እንዲህ ተሠሩ። አምስተኛው ላይ ዘበኛው የአፈር መኪና በር ላይ ደርሷል ብሎ ተጣራ።

«የቀሩትን ትችላለህ?» አለችው።

«መገጣጠም ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

ጥላው ሄደች። ስለ ቀንበጡ ላይና ታች ምንም አላለችውም፤ ለሰው ባርኔጣ ጭንቅላት ላይ ነው የሚደረገው ተብሎ አይነገርም።

እሱ ግን አምስተኛውን ቀንበጥ ይዞ አሰበ። ቀንበጥ የሚያድገው ወደ ላይ ነው። ወደ ላይ የሚያድግ ነገር የሚያሳልፈውም ወደ ላይ ይሆናል፤ ውኃን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚያሳልፍ ቫልቭ። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ወደ ታች እንዲያሳልፍ ነው። ስለዚህ መገልበጥ አለበት። ሴትዮዋ በጥድፊያ ረስታው ነው፤ የእሷ አራቱ ባይሠሩ የእኔ ሦስቱ ያድኗታል። በዚህ ሐሳብ ሦስቱን ቀንበጦች፣ ጫፋቸውን ወደ መሬት አዙሮ፣ እጅግ በሚያምር ሁኔታ ገጠማቸው። ስትመለስ ደወል ተደውሎ ልጆች እየፈሰሱ ነበር። ሰሙን በጣቷ ነካክታ፣ «እጅህ እንኳን ያውቃል» አለች። ይህን ቃል ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ሁለት ጊዜ ነገራት።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ለእሱ የማይሆን ሥራ ነው። ቧንቧ ሲጠገን ይከፈታል፣ ይታያል፣ ያልቃል። በየጠዋቱ መጥቶ ቀንበጦቹን በጣቱ ሊነቀንቅ ሲሞክር አትክልተኛዋ እጁን በመቀሷ እጀታ ትመታዋለች።

«አትነካካ! የታመመ ሰው በየደቂቃው ትከሻው ይነቀነቃል?»

አንድ ቀን ፓምፑ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ፣ በቅባት ተለውሶ ከዛፉ ሥር ሲያርፍ ጠየቃት።

«አንድ ነገር ያልገባኝ፣ ይህ ዛፍ ከታንከሩ ይረዝማል። ውኃውን ማን ይገፋለታል? ሥሩ ውስጥ ፓምፕ አለ?»

«የሚገፋ ብዙም የለም። ከላይ ነው የሚሳበው።»

«በማን?»

መልስ ሳትሰጠው ከጓሮ አንድ ላስቲክ ከረጢት አምጥታ ቅጠል የሞላበት ቅርንጫፍ ላይ አለበሰችና አፉን አሰረችው። በምሳ ሰዓት ሲመለሱ ላስቲኩ ከውስጥ አልቦታል፤ ታችኛው ጥግ ላይ ሁለት ጉንጭ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ተጠራቅሟል።

«ይኼ ቅጠሉ ወደ አየር የላከው ነው። ዓይን በማያየው ቀዳዳ ፀሐይ ትወስደዋለች። አንዱ ጠብታ ሲወጣ ከኋላው ያለውን ይጎትታል፣ ያም የኋላውን፣ እስከ ሥሩ ድረስ እንደ ክር ነው። ሲጠባ እንጂ ሲገፋ አይደለም።»

ጋሽ ለጊዜው ጣሪያው ላይ ያለውን ታንከር አየ፤ ቀጥሎ የዛፉን ጫፍ አየ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣» አለ፣ «አንድ ቀን ጠግኑኝ ብሎ አልጠራንም።»

በሦስተኛው ሳምንት የአትክልተኛዋ አራት ቀንበጦች ዓይኖቻቸው አበጡ፤ አረንጓዴ ነጥብ አወጡ። የእሱ ሦስቱ ተጨማደዱ። አጠገባቸው ተቀምጣ አንዱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ አንገቷን ዘቅዝቃ እንደገና አየችው።

«አንተ ሰው። እነዚህ ለምን በጭንቅላታቸው ቆሙ?»

«ሆን ብዬ ነው» አለና ስለ ቫልቩ አስረዳት። ሲያስረዳ እንኳ ኩራት ነበረው።

ሳቋ የጀመረው ከሆዷ ነው። መሬት ላይ ዘፍ አለች፣ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና እንደገና ሳቀች። ሁለት መምህራን በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ቫልቭ ገልብጠህ ብትገጥም ምን ይሆናል?» አለች ትንፋሽ ስታገኝ።

«አያሳልፍም።»

«እ?»

ጆሮው ቀላ።

«ልጡ እኮ ቀድሞውንም ከጫፍ ወደ ሥር ነው ስኳሩን ሲያወርድ የኖረው፤ በእንጨቱ ደግሞ ውኃው ይወጣል። ሁለት መንገድ በአንድ ቀንበጥ። ላዩንና ታቹን ያውቃል፤ ቆርጠኸው እንኳ አይረሳም። ያንተ ቧንቧ ነው ላይ ታች የማያውቀው።»

ሳቁ ካለቀ በኋላ ሁለቱም ወደ ግንዱ ዞሩ። አራት ድልድይ ለዚህ ሁሉ ሥር እንደማይበቃ እሱም ያለ ነጋሪ ገባው። ልጡ ሊላቀቅ የሚችልበት ጊዜ የቀረው አንድ ሳምንት ቢሆን ነው። በዚያው ቀን ሦስቱን ነቅለው ሌሎች ሦስት ቆረጡ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ለጊዜው ቀንበጡ ከዛፉ ሳይቆረጥ በፊት ጫፉን ቀይ ቀለም ነካ አደረገው፤ ቀዩን ወደ ላይ አድርጎ፣ በእሷ ዓይን ሥር፣ አንድ በአንድ ገጠመ። ሲጨርስ ብሩሹን ይዞ ግንዱ ፊት ቆመና ተቸገረ።

«ቀስቱን ወዴት ልሣል?»

«ሁለት ሣልና ተገላገል።»

አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ሣለ። በግቢው ውስጥ ሁለት ቀስት ያለው ቧንቧ ያ ብቻ ነው።

ወራቱ አለፉ። ቢጫው ቅጠል መርገፉን ቶሎ አላቆመም፤ ዳይሬክተሯ ባለፈች ቁጥር «በሽተኛው እንዴት ነው?» ትላለች፣ እሱም «ይተነፍሳል» ይላታል፣ ግን ማታ ማታ እህል አይወርድለትም ነበር። ሚስቱ ነገሩ ሲበዛባት አንድ እሑድ ራሷ መጥታ ሰባቱን ቀንበጦች እንደ ስፌት አየቻቸው። «ክሩ ይዟል» አለች። ያን ቀን ጥሩ በላ። በዚያው ሰሞን፣ የብረት ምሰሶ ከወዳደቀ ብረት ራሱ በየደ፣ በሲሚንቶ ተከለው፣ ቧንቧውን ከግንዱ አራቀ።

«ምሰሶው መጣ እንዴ?» አለች አትክልተኛዋ።

«ትንሽ ነው የዘገየው።»

ማንጎው ደረሰ። የሚለቀምበት ቀን የእሱ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ዋለ። ቆራጩ መጋዙን ይዞ መጥቶ አጥሩ ጥግ ተቀመጠ። ፍሬው ጥቂት ነበር፤ አምና በጆንያ፣ ዘንድሮ በአንድ ቅርጫት። ዳይሬክተሯ አንዱን ላጠች፣ ጎረሰች፣ አላመጠች፤ ፊቷ ላይ የሚያሳዝን ነገር መጣ።

«ጋሼ፣ በመጨረሻ ሳምንትዎ ላስከፋዎት አልፈልግም ነበር...»

«ይንገሩኝ።»

«ውኃ ውኃ ይላል።»

ጋሽ ለጊዜው ከአግዳሚው ተነሣ። «እስቲ ይድገሙት!»

«ስኳሩ የለም። የአምናው ማር ነበር፣ ይሄ...»

«ስኳሩ የለም!» ብሎ ወደ አትክልተኛዋ ዞረ። «ሰማሽ? የለም አለች!»

ዳይሬክተሯ ግራ ተጋብታ ሁለቱን አየች። አትክልተኛዋ ወደ ግንዱ ወሰደቻት። ሰባቱ ድልድዮች የሰው አውራ ጣት ያህል ወፍረዋል፤ ከቁስሉ በታች ቀጥኖ የነበረው ግንድ አዲስ ልጥ አውጥቶ የቁስሉ ጠርዝ ሞልቷል። ከዚያ በትንሿ አካፋ ከሥሩ አጠገብ ያለውን አፈር ፈልፈል አደረገችው። ነጭ፣ ክር የሚያክል፣ ገና ያልቆሸሸ ሥር በየአቅጣጫው ወጣ።

«ስኳሩ እዚህ ነው ያለው» አለች። «ዘንድሮ ምሳው ለባለቤቱ ደርሷል።»

ዳይሬክተሯ ነጩን ሥር ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በእጇ የያዘችውን ማንጎ እስከ ዘሩ ጠርጋ በላችና ወደ አጥሩ ዞረች።

«ወንድሜ፣ አስቸገርንህ፤ ዛሬ ሥራ የለም። ለመንገድ ማንጎ ውሰድ።»

ቆራጩ አንዱን ቀመሰ። «ይህንን ለማብላት ነው ከዚያ ድረስ የጠራችሁኝ?» አለ። ቢሆንም ሦስት ይዞ ሄደ።

አንደኛ ክፍሎች በዚያው ሳምንት ከአዳራሽ ወጥተው ጥላው ሥር ተመለሱ፤ አንዷ ልጅ በሁለቱ ቀስቶች ላይ ጣቷን እያስኬደች ወደ ላይና ወደ ታች ታነብ ነበር። ጋሽ ለጊዜው የክፍሉን ቁልፍ ለጸሐፊዋ አስረክቦ፣ ከደረጃው ሥር ለመጨረሻ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ወጣ። አንድ ማንጎ በኪሱ ይዟል።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ቀመሰችው።

«እውነቱን ልንገርህ? አይጣፍጥም።»

«አውቃለሁ፣» አለ ፊቱ በርቶ፣ «ሌላ ቁረጪልኝ።»

እየቆረጠችለት ወደ ወጥ ቤቱ በር አየች፤ ማጠፊያው ላይ ያለችው ሽቦ ጫፏ ወደ ውስጥ ታጥፋ ተቀምጣለች።

«እንግዲህ ሥራ ፈትተሃል። ከዛፉ ፈታሃት፤ ይህችንስ መቼ ነው የምትፈታት?»

አፉ ማንጎ ሞልቶት ነበር፤ ውጦ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«በር እኮ አይወፍርም፣» አለ። «እሷ ለጊዜው ትቆይ።»